የትኛዋ ዶሮ ለቤታችን ትሆናለች?
እንቁላል ጣይ ዝርያ ስንመርጥ ማወቅ ያለብን



በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ቴትራሳይክሊን ስጪኝ» አሉኝ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለዶሮዎቼ ነው፣ እንቁላል አቆሙብኝ» አሉ። ዕቁብ ሲደርሳቸው «በዓመት 300 እንቁላል ይጥላሉ» የተባሉ አምስት ቀያይ ቄቦች ገዝተዋል። ለጥቂት ሳምንታት ጥሩ ጣሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አቆሙ። «ምን ይበላሉ እማማ?» ብላቸው «የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሲገኝም ትንሽ ስንዴ» አሉኝ። ዶሮዎቹ የራባቸው እንጂ የታመሙ አይመስሉም ነበር። እንክብሉን አልሸጥኩላቸውም። የዛሬው ትምህርታችንም ከዚህ ይነሳል፦ ዶሮ ስንመርጥ «ስንት ትጥላለች?» ከማለታችን በፊት «እኔ ምን ላበላት እችላለሁ?» እንበል።

እንቁላል ከምን ይሠራል?

አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ተሠርቶ እስኪወጣ አንድ ቀን ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጃል። በውስጡ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ቅርፊቱ ደግሞ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከመኖዋ ነው። ካልሲየሙ ሲያንሳት ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ መጣሏን ታቆማለች። ብዙ እንድትጥል ተደርጋ የተዳቀለች ዶሮ ስትራብ ጉዳቱ ቶሎ የሚታይባት ለዚህ ነው።

ዝርያዎቹን እንወቅ

1ኛ. የሐበሻ ዶሮ፦ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትናንሽ እንቁላሎች ትጥላለች። ቁጥሩ የሚያንሰው ጥቂት ጥላ ስለምትታቀፍ ነው፤ 21 ቀን ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላም ጫጩቶቿን ስታሳድግ ወራት ይሄዳሉ። ነገር ግን ምግቧን ራሷ ትጭራለች፣ ከጭልፊት ታመልጣለች፣ ምትኳንም ራሷ ትፈለፍላለች። ከምዕራብ ኦሮሚያ የተገኘችውን የሆሮ ዶሮ በምርጫ ለማሻሻል በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ተጀምሯል።

2ኛ. ፋዮሚ፦ የግብፅ ዝርያ ናት። ቀላልና ፈጣን ስትሆን በሽታ በመቋቋም ትታወቃለች። እንቁላሏ አነስ ይላል፤ በደህና አያያዝ በዓመት ወደ 150 ትጥላለች። በአጥር ላይ መብረር ስለምትወድ ጠባብ ግቢ አይመቻትም።

3ኛ. ኩኩክ፦ በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኘች ገብስማ ዶሮ ናት። ቡናማ እንቁላል ትጥላለች፤ በጥሩ አያያዝ ቁጥሩ ወደ 200 ይጠጋል። ሥጋዋም ደህና ነው። ከቤት ትራፊ በተጨማሪ መኖ መግዛት ለሚችል ቤተሰብ ትስማማለች።

4ኛ. ሳሶ፦ ምንጯ ፈረንሳይ ነው። ለእንቁላልም ለሥጋም ትሆናለች። ከሐበሻዋ ብዙ ትጥላለች፤ ሰውነቷ ከባድ ስለሆነ ግን ብዙ ትበላለች።

5ኛ. ቦቫንስ ብራውን፣ ሎማን ብራውንና መሰሎቻቸው፦ ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉ ናቸው። ወደ 300 ይጥላሉ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተመጣጠነ መኖ፣ በቂ ብርሃንና ሙሉ ክትባት ሲያገኙ ነው። መታቀፍ እምብዛም አያውቁም። ጫጩት ቢፈለፈልላቸውም ልጆቹ እንደ እናታቸው አይጥሉም፤ ስለዚህ ምትክ ሁልጊዜ በግዢ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ለአምስት ዶሮ በወር 18 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በአካባቢያችሁ የእንቁላል ጣይ መኖ ኪሎው ስንት እንደሆነ ጠይቁና በ18 አባዙት። ወጪው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ሁለት ዶሮ ብቻ ያዙ፤ ወይም ራሷን የምትችለውን የሐበሻ ዶሮ ምረጡ። ሁለት የጠገቡ ዶሮዎች ከአምስት የተራቡ ይሻላሉ። ለእኚያ እናትም የመከርኳቸው ሦስቱን ሸጠው ለሁለቱ መኖ እንዲገዙ ነው።

ሲገዙ ክትባታቸውን የጨረሱ ቄቦች ምረጡ። በተለይ የፈንግል ክትባት መቼ እንደተሰጣቸውና መቼ እንደሚደገም ሻጩን ጠይቁ። ለእንቁላል ብቻ ከሆነ አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው። ንጹህ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይጥፋ። ለሚጥሉ ዶሮዎች ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይመከራል፤ የእኛ አገር ቀን ግን 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለተዳቀሉት ማታ ጥቂት ሰዓት አምፖል ቢበራላቸው ይረዳል። ያገለገለ የእንቁላል ቅርፊትም ቀቅሎና አድርቆ፣ አድቅቆ ከመኖ ጋር መስጠት ይቻላል።

መጣል ስታቆም

መጀመሪያ መኖዋን፣ ውሃዋንና ብርሃኗን ተመልከቱ። ላባ እየቀየረች ወይም ታቅፋ ከሆነ ተፈጥሮዋ ነው። ካፈዘዛት፣ ካስነጠሳት ወይም አንገቷ ከተጣመመ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን አያድነውም።

ለሰው የተሠራ እንክብል በግምት ለዶሮ አትስጡ። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል፤ እንቁላሉን የሚበላው ደግሞ ልጃችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ባለሙያ መድኃኒት ካዘዘላትም እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁ፤ ቀኑ እስኪያልፍ አትብሉት፣ አትሽጡትም። ለገበያ የምታወጡት እንቁላል አማና ነው።

በመጨረሻም፣ «ቡናማው ከነጩ ይበልጣል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የቅርፊቱ ቀለም ከዝርያዋ ይመጣል፤ በገንቢነቱ ልዩነት የለውም። ተጨማሪ ምግብ ለጀመረ፣ 6 ወር ለሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለ እንቁላል ጥሩ ምግብ ነው። ከምትሸጡት በፊት የልጆቻችሁን ድርሻ አስቀሩ።