ከመጫወቻ ሜዳ የወጣው ጫማ

ሸራ ጫማን፣ ስኒከር የሚሉትንም፣ ዛሬ በየገበያው እናየዋለን። ተማሪው ያደርገዋል፤ ሾፌሩ ያደርገዋል፤ ከተማ ደርሶ የሚመለስ ጎረምሳም አድርጎት ይመጣል። መጀመሪያ ግን የተሠራው ለጨዋታና ለሩጫ ነበር። ታዲያ እንዴት የሁሉ ሰው ጫማ ሆነ? ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ጎማ የሚገኘው ከዛፍ ከሚፈስ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ድሮ ከዚህ የተሠራ ዕቃ በሙቀት ይልሞሰሞስና ይጣበቃል፤ በብርድ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በ1839 ቻርልስ ጉድየር የተባለ አሜሪካዊ ጎማውን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ በእሳት ቢያግለው ጠነከረ፤ ሙቀትም ብርድም የማይበግረው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከታች የጎማ ሶል፣ ከላይ ሸራ አድርጎ ቀላል ጫማ መሥራት ተቻለ። ቆዳ ጫማ ሲራመዱበት ቋ ቋ ይላል፤ ይሄኛው ግን ኮቴው አይሰማም። ስኒከር የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሳያሰሙ ሹልክ ማለትን ያመለክታል።

በ1917 ኮንቨርስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሸራ ጫማ አወጣ። ተጫዋቹ ያደረገውን ወጣቱ ወደደው፤ ከሜዳ ውጭም ያደርገው ጀመር። በ1980 በኒው ዮርክ ከተማ የአውቶቡስና የምድር ባቡር ሠራተኞች ለ11 ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ በእግሩ ሄደ። ሴቶቹ ስኒከር አድርገው የቢሮ ጫማቸውን በቦርሳ ይይዙ ነበር። የኛም ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ሄዶ ገበያው አፋፍ ሲደርስ ያጠልቅ የለ? አድማው ካበቃ በኋላም ብዙዎቹ ልማዱን አልተዉትም።

“አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?” የሚሉ አሉ። እውነት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ጊዜውንም ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ደግሞም የሮሙ ውድድር የአንድ ቀን፣ ያውም በተነጠፈ መንገድ ነው። ገበሬ ግን ዓመቱን ሙሉ አፈር ይረግጣል። በአንዳንድ ደጋ አገር የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ይህ ለብዙ ዓመት ሲጠራቀም እግር ያብጣል። ዝሆኔ የምንለው ሕመም አንዱ መነሻው ይሄ ነው። እርግማን አይደለም፤ በዚህ መንገድ የመጣውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሸራ ጫማ ከባዶ እግር እጅግ ይሻላል፤ ጉድለት ግን አያጣም። ውኃ ይመጥጣል፤ ደቃቁ አፈርም በሸራው ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ለእርሻ ጭቃ የጎማ ቦቲ ይበልጣል፤ ሸራው ለመንገድና ለገበያ ይሁን። ያም ሆኖ ማታ ማታ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ አይቀርም። ስትገዙ በጎኑ ላይ ላለው ምልክት ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ይልቅ ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት፤ ሶሉ ከሸራው ጋር የተጣበቀበት ቦታ ከተከፈተ አንድ ክረምት አይዘልቅም።