ለአሮጌ ኮሮላ የትኛው ኩላንት?

ጥያቄ፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች ኮሮላ ናት። እስካሁን የቧንቧ ውሃ ነበር የምጨምርላት። አረንጓዴ ኩላንት ልግዛ ወይስ ቀይ?

መልስ፦ በቀለም አይምረጡ፤ ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ በየአምራቹም ይለያያል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የጃፓን አምራቾች በልማድ የሚመርጡት ኢትሊን ግላይኮል ያለው፣ ፎስፌት የተጨመረበት፣ ሲሊኬት የሌለው ኩላንት ነው። ያልተበረዘ ከሆነ ከዲስትልድ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉት። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ቅርፊት ይተዋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩንና ብሎኩን በደንብ ያሳጥቡ። ዝገት የደፈነው ቀዳዳ ካለ ያኔ ማንጠብጠብ ሊጀምር ይችላል፤ ጥፋቱ የኩላንቱ አይደለም።

የራዲያተሩን ክዳንም አይናቁት! አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመፍያውን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጎማው ከደረቀ ይቀይሩት። የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት ደጅ አያፍሱ፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጆችና ውሾች ይቀምሱታል።