ዶቅዶቄያችን ከቤት ርቆ ሲቆም

ቀራንዮ የሚገኘው በአዲስ አበባ ምዕራብ ነው። በዚህ አካባቢ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ መንገዶች ከከተማው ይወጣሉ። አንደኛው በአየር ጤና በኩል አድርጎ፣ ሰበታንና ወሊሶን አልፎ ወደ ጅማ ይወስዳል። ሁለተኛው በአስኮ በኩል አድርጎ፣ ቡራዩን፣ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ ወደ አምቦ ያደርሳል።

በነዚህ መንገዶች ዳር ባሉ ቀበሌዎች ዶቅዶቄ ብዙ ሥራ ይሠራል። ገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ያመላልስበታል። የግብርና ሠራተኛው ከመንደር መንደር ይዞርበታል። በሽተኛም ጤና ጣቢያ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ግን ዶቅዶቄ ብረት ነውና አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም። ከቀራንዮ አምቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገድ ላይ፣ ጋራዥ በሌለበት ሜዳ ሞተሩ እምቢ ቢለን ምን እናድርግ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ዶቅዶቄ

ሞተሩ ሲጠፋ ዶቅዶቄውን ወዲያው ከአስፋልቱ እናውጣ። መንገድ ላይ ቆሞ ሞተር መነካካት ሕይወት ያስከፍላል። ሾፌሮች ከሩቅ እንዲያዩን ከኋላችን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እናስቀምጥ። ድንጋይ ግን አናስቀምጥ። እኛ ስንሄድ ድንጋዩ ተረስቶ ይቀርና ማታ ሌላውን መንገደኛ ይገለብጣል።

የጫንነው በሽተኛ ከሆነ ሞተሩን አንመርምር። ያገኘነውን መኪና ለምነን በሽተኛውን እናሳፍር። ዶቅዶቄው ይቆያል፤ በሽታ ግን አይቆይም።

ሞተር እንደ ምድጃ ነው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዳይምለርና ማይባህ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በሞተር የሚሄድ የእንጨት ብስክሌት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ብዙ ተሻሽሏል። የሚፈልጋቸው ነገሮች ግን አልተለወጡም። ምድጃ እንዲነድ እንጨት፣ ክብሪትና አየር ያስፈልገዋል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። እንጨቱ ቤንዚን ነው። ክብሪቱ የካንዴላው ብልጭታ ነው። አየሩ በፊልትሮ በኩል ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ አይነሳም።

በሬ ትልም መካከል ሲቆም አስተዋይ ገበሬ ወዲያው ጅራፍ አያነሳም። ቀንበሩን፣ ማነቆውን፣ የበሬውን እግር ያያል። ዶቅዶቄም ሲቆም የማስነሻውን ፔዳል መቶ ጊዜ መርገጥ ጉልበት ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ስለዚህ ቀላሉን አስቀድመን፣ በተራ እንመርምር።

አንደኛ፣ ቤንዚን

ከሁሉ በፊት በቀኝ እጀታ ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ እንይ። ሳናውቅ ነክተናት ሊሆን ይችላል። ከዚያ የቤንዚን መያዣውን፣ ማለትም ሰርባቶዮውን ከፍተን እንይ። ሲጨልም በእጅ ባትሪ እንጂ በክብሪት ወይም በሻማ ፈጽሞ አናይም። ቤንዚን ትነቱ ራሱ ይነዳል።

ቤንዚኑ ካነሰ መክፈቻውን ወደ መጠባበቂያው እናዙረው። በመክፈቻው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከቤት ሳንወጣ አጥንተን እንያዝ። ክፍት፣ ዝግና መጠባበቂያ የሚሉ ሦስት ምልክቶች ናቸው።

አንዳንዴ ሰርባቶዮው ሙሉ ሆኖ፣ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ይህን ጊዜ ክዳኑን እንክፈት። አየር ስቦ «እስስ» ካለ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው። መተንፈሻውን ስናጸዳው ይድናል።

መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ውሃ ሊኖረው ይችላል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ቀድተን እናቁመው። ቤንዚን ከውሃ ይቀላልና ውሃው ከታች ይለያል። ውሃ ካየን ያንን ቤንዚን አንጠቀምበት።

ሁለተኛ፣ ብልጭታ

ቤንዚኑ ደኅና ከሆነ ወደ ካንዴላው እንሂድ። ካንዴላ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሻማ ማለት ነው። ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ የካንዴላው ቆብ ወልቆ እንደሆነ እንይ። በክረምት ቆቡ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ነቅለን በደረቅ ጨርቅ እንጥረገው። ይህ ካልረዳ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ካንዴላውን በመፍቻው እንፍታ። መልኩ ብዙ ይነግረናል። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። በቤንዚን ከራሰ ጠጥቶ ታፍኗል። ነጭ ከሆነ ከመጠን በላይ ግሏል።

ብልጭታውን ለማየት ካንዴላውን ቆቡ ውስጥ መልሰን፣ ብረቱን በሞተሩ ብረት ላይ እናስደግፈው። ከተፈታበት ቀዳዳ እናርቀው፤ በእጃችንም አንያዘው። ቁልፉን ከፍተን ፔዳሉን ስንረግጥ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ መልካም ነው። ካልታየ ካንዴላውን አጽድተን እንደገና እንሞክር፤ ትርፍ ካንዴላ ካለን እንለውጥ። ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታ ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው።

ሞተሩ ታፍኖ ከሆነ ካንዴላውን አድርቀን እንግጠም። ቤንዚኑንና ቾኩን ዘግተን፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘን ጥቂት ጊዜ እንርገጥ። የተረፈው ቤንዚን ይወጣለታል።

ሦስተኛ፣ አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲመዘን ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ በእኛ አገር ደጋ ሞተር ጉልበቱ ቀነስ ይላል። በዚህ ላይ ፊልትሮው በበጋ አቧራ ሲደፈን ይታፈናል። ፊልትሮውን አውጥተን አቧራውን እናራግፍ። ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሎ መንዳት ግን ሞተሩን በአሸዋ መሞረድ ነው።

ይህን ሁሉ አይተን ባይነሳስ?

ፔዳሉ አልረገጥ ካለ ወይም ሞተሩ በጣም ከጋለ የዘይቱን መለኪያ እንይ። ዘይት ከሌለ ሞተሩን ማስነሳት ክልክል ነው። በግድ ቢነሳ የሚጠገነው ነገር የማይጠገን ይሆናል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንወስን። ሌሊት በጨለማ ዶቅዶቄ እየገፉ መሄድ ወይም በገመድ ከመኪና ጋር አስሮ መጎተት ትልቅ አደጋ ነው። አቅራቢያ ካለ መንደር ገብተን፣ «እናንተ ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብንል የሚያሳድረን አይጠፋም። በማግስቱ ዶቅዶቄውን በአይሱዙ ወይም በጋሪ አስጭነን ወደ ጋራዥ እንወስደዋለን።

ደብተር የመንገድ ስንቅ ነው

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ይህን ችሎታውን ለዶቅዶቄውም ያውለዋል። ዘይት የተለወጠበትን ቀን፣ በዚያን ቀን ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር፣ ካንዴላ የተለወጠበትን ጊዜ በትንሽ ደብተር እንጻፍ። ዘይቱ መቼ እንደሚለወጥ መመሪያው መጽሐፍ ይናገራል። ሞተሩ መንገድ ላይ ምን እንዳደረገም እንጻፍ። «ሽቅብ ሲወጣ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይነሳል» የሚል አንድ መስመር መካኒኩን ከብዙ ድካም፣ እኛንም ከብዙ ወጪ ያድናል።

ከደብተሩ ጋር የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደረቅ ጨርቅና የእጅ ባትሪ እንያዝ። ሁሉም በአንድ ትንሽ ከረጢት ይገባሉ። ከቤት ሳንወጣ ያዘጋጀናት ከረጢት በሜዳ ላይ ጋራዣችን ናት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞተር እንዲነሳ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. የቆመ ዶቅዶቄ ከኋላው ድንጋይ ማስቀመጥ ለምን ይጎዳል?
3. ጥቁር ጥቀርሻ የያዘ ካንዴላ ምን ይነግረናል?
4. በቀበሌያችሁ ዶቅዶቄ ያለው ሰው አለ? በደብተሩ ምን ቢጽፍ ይጠቅመዋል? ተወያዩበት።