ለአንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን አንድ መዝገብ ብቻ

የቀን ሠራተኞችን አቴንዳንስ በማይክሮሶፍት አክሰስ የምትይዙ ከሆነ፣ የአንድ ሰው ስም በአንድ ቀን ሁለቴ መግባቱ የሚታወቀው ክፍያ ሲሠራ ነው። ብዙዎች መፍትሔውን ፎርሙ ላይ ይፈልጋሉ። መቆለፍ ያለበት ግን ሠንጠረዡ ነው፤ መረጃ ከኤክሴል ተገልብጦም በሌላ ፎርምም ሊገባ ይችላልና።

ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ የቀኑን ዓምድ ፈትሹ። ዲፎልት ቫልዩው ናው ከሆነ ሰዓቱም አብሮ ይቀመጣል፤ ጠዋት 2፡05 እና 2፡06 የገቡ ሁለት መዝገቦች ለአክሰስ የተለያዩ ናቸው። በዴት ተኩት፤ የቆየውንም በአፕዴት ኩዌሪ፣ በዴትቫልዩ ሰዓቱን አስወግዱ። የእኛን አቆጣጠር በዚህ ዓምድ አትጻፉ። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ከሙሉ ዓመተ ምሕረቱ ጋር ብታስገቡ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። የኢትዮጵያው ቀን ካስፈለገ ለብቻው ዓምድ ይኑረው።

ቀጥሎ ድግግሞሹን አጽዱ፤ እሱ እያለ አክሰስ ቁልፉን፣ ማለትም ድግግሞሽ የሚከለክለውን ኢንዴክስ፣ አይቀበልም። በኩዌሪ ዊዛርድ ውስጥ ፋይንድ ዱፕሊኬትስ የሚለው ለቅሞ ያወጣዋል። የትኛው እንደሚሰረዝ ግን ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አመሳክራችሁ ራሳችሁ ወስኑ።

አሁን ሠንጠረዡን በዲዛይን ቪው ክፈቱና ኢንዴክስስ የሚለውን ተጫኑ። በባዶው መስመር ለኢንዴክሱ ስም ስጡና የሠራተኛውን መለያ ቁጥር ምረጡ። ከሥሩ ባለው መስመር የስሙን ቦታ ባዶ ትታችሁ ቀኑን ምረጡ። ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሳችሁ ዩኒክ የሚለውን የስ አድርጉ። ሁለቱን ዓምዶች በየግላቸው እንዳይደገሙ እንዳትቆልፉ፤ እንዲያ ከሆነ በቀን ከአንድ ሠራተኛ በላይ መመዝገብ አይቻልም። ሁለቱም ባዶ እንዳይታለፉ ሪኳየርድ የሚለውንም የስ በሉት።

ፎርሙ ላይ የሚቀረው መረጃ ለሚያስገባው ሰው በወጉ ማስታወቅ ነው። በፎርሙ ቢፎር አፕዴት ላይ፣ መዝገቡ አዲስ ሲሆን ብቻ፣ በዲካውንት ያው መለያ ቁጥርና ያው ቀን ያላቸውን መዝገቦች ቁጠሩ፤ ከዜሮ ከበለጠ ካንስልን ትሩ አድርጉ። አዲስ መሆኑን ካላጣራችሁ የቆየ መዝገብ ሲታረም ራሱን ቆጥሮ ይከለክላል። የአማርኛ መልእክቱን ኮዱ ውስጥ ብትጽፉት የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ፎርሙ ላይ በተደበቀ ሌብል ጻፉትና ሲያስፈልግ እንዲታይ አድርጉ።

ሁለት ሰዎች አንድን ሠራተኛ በኔትወርክ እኩል ቢመዘግቡ ዲካውንት ለሁለቱም ዜሮ ሊል ይችላል። ያኔ ሁለተኛውን በስሕተት ቁጥር 3022 የሚያስቆመው ኢንዴክሱ ነው።