ኔፍራይት፦ ጥንካሬው ከሽመናው የሆነ ድንጋይ

 

አንድ ወንድማችን አጎቱ ከዑምራ ሲመለሱ ያመጡለትን ቀለበት ዶርም ውስጥ አሳየን። ፈርጡ አረንጓዴ ነው፤ ሻጩ «ጄድ ነው» ብሏቸዋል። «እውነት ጄድ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ማናችንም መልስ አልነበረንም። ይህ ትምህርት ያንን ጥያቄ ይዘን ካነበብነው የተዘጋጀ ነው።

ጄድ የሚለው ስም ለሁለት ድንጋዮች ይሰጣል፤ ጄዳይትና ኔፍራይት ይባላሉ። ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ1863 በኬሚካል ምርመራ የለያቸው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ዳሙር ነው። ዛሬ የምናየው ኔፍራይትን ነው።

ከታወቁት ምንጮቹ አንዱ በኩንሉን ተራሮች ግርጌ ያለው የኾተን ምድር ነው፤ ዛሬ በቻይና ሺንጂያንግ ውስጥ የሚገኝ የኡይጉር ሙስሊሞች አካባቢ ነው። አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ከበሩ ድንጋዮች በጻፉት ኪታብ ይህን ድንጋይ «የሽም» ብለው ከኾተን ሁለት ወንዞች እንደሚወጣ መዝግበዋል። ወንዞቹ ዛሬም ዩሩንግካሽና ካራካሽ ይባላሉ፤ ትርጉማቸው ነጭ ጄድና ጥቁር ጄድ ነው።

እንዴት ተፈጠረ? በተራራው ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት የዶሎማይት ዕብነ በረድ ነበረ። ከታች የመጣ ማግማ ሰርጎ ገባበትና ቀዝቅዞ ግራኖዳዮራይት ሆነ። ሲሊካ የተሸከመ ትኩስ ውሃ በሁለቱ ድንበር ላይ ሲዘዋወር ዶሎማይቱ ትሬሞላይት ወደተባለ ማዕድን ተለወጠ፤ ካልሳይት ቀረ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ። ስለዚህ ቆፋሪዎች የሚከተሉት የሁለቱን ዐለቶች መገናኛ ነው። እዚያው ዳዮፕሳይድ፣ ኤፒዶትና ጋርኔትም ይገኛሉ። ብረት ጥቂት ሲሆን ጄዱ ነጭ ይሆናል፤ ሲጨምር አረንጓዴ። ጥቁሩ ቀለሙን ያገኘው ከግራፋይት ነው።

ከተራራው የተፈነቀለውን ድንጋይ ወንዝ ያንከባልለዋል። ስንጥቅ ያለበት በመንገድ ይፈረካከሳል፤ ደኅናው ለስልሶ ታች ይደርሳል። የወንዝ ጄድ የሚወደደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በክፍል የተማርነውን እናስታውስ፤ መቧጨርን መቋቋምና መሰበርን መቋቋም የተለያዩ ናቸው። ኔፍራይት በሞህስ መለኪያ ከ6 እስከ 6.5 ነው፤ ኳርትዝ (7) ይቧጭረዋል። በመዶሻ ሲመታ ግን ኳርትዙ ቀድሞ ይሰበራል። ምክንያቱም የኔፍራይት ትሬሞላይት በዓይን የማይታዩ ክሮች ሆኖ እንደ ጥሩ በርኖስ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። ስንጥቅ ሲጀምር ክሮቹ መንገዱን እያጣመሙ ያስቆሙታል።

ያው ትሬሞላይት ክሮቹ ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን ሲያድጉ ደግሞ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። ማዕድኑ አንድ፣ አደራደሩ ግን ሌላ። የኔፍራይትም ቢሆን ብናኙ መተንፈስ የለበትም፤ ድንጋዩ በውሃ እየረጠበ፣ ጭምብል ተደርጎ ይቆረጣል።

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ፈርጡ ከቀለበቱ ወጥቶ በአየር ይመዘን፤ ከዚያ በክር ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈቀ ይመዘን። የአየሩን ክብደት ለሁለቱ ልዩነት እናካፍል። በአየር 5.9 ግራም፣ በውሃ 3.9 ግራም ከሆነ፣ 5.9 ለ2 ሲካፈል 2.95 ይሆናል፤ ይህ የኔፍራይት ነው። ጄዳይት ወደ 3.3፣ ኳርትዝ 2.65፣ በጄድ ስም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሰርፐንቲን 2.6 ገደማ ነው። ከኔፍራይት ጋር የሚቀራረብ መስታወትም ስላለ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ከ2.9 በታች ከወረደ ግን ኔፍራይት እንዳልሆነ እናውቃለን።

የድንጋይ እፍግታን በውሃ መለካት አል-ቢሩኒም የደከሙበት ሥራ ነው። እኛም የላብራቶሪውን ሚዛን አስፈቅደን የወንድማችንን ፈርጥ ኢንሻአላህ እንመዝናለን። ነጋዴ ዘመድ ያላችሁም አስተምሯቸው፤ የሸጡትን ሳያውቁ ሰው እንዳያታልሉ ይረዳቸዋል።