የክርስቲያን ትምህርት ቤት መሠረቱ ምንድር ነው?

ለንባብ፤ ዘዳግም 6፥4–9፤ ማርቆስ 10፥13–16፤ ኤፌሶን 6፥4



ልጅ የፈተና ውጤቱን ይዞ ወደ ቤት ሲመለስ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። አንደኛ የወጣው ይሸለማል፤ መጨረሻ የወጣው ግን ወረቀቱን ደብቆ በጓሮ በኩል ይገባል። ይህ በየቤታችን የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ ማኅበረ ምእመናን ትምህርት ቤት ሲያቆም ልጁን የሚቀበለው በምን ሚዛን ነው? ጠዋት ጸሎት ስለ ተደረገና መዝሙር ስለ ተዘመረ ብቻ ትምህርት ቤቱ ክርስቲያናዊ አይሆንም። ከጸሎቱ በኋላ፣ በሒሳቡም በንባቡም ሰዓት፣ ልጁን እንዴት እንደሚያየው ሊመረመር ይገባል።

አንደኛ፤ ልጅ ምንም ሳይሠራ የተወደደ ነው።

ሰዎች ሕፃናትን ወደ ጌታ ባመጡ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሊመልሱአቸው ሞከሩ። ጌታ ግን በደቀ መዛሙርቱ አዘነባቸው፤ ሕፃናቱንም ወደ እቅፉ አስጠግቶ ባረካቸው። እነዚያ ሕፃናት ምን ያውቁ ነበር? ምንስ ፈተና አልፈው መጡ? ባዶ እጃቸውን መጡ፤ እርሱም እንዲሁ ተቀበላቸው። በጥምቀታችንም የሆነው ይኸው ነው፤ እግዚአብሔር ልጁን የራሱ ያደረገው ልጁ ገና ፊደል ሳይቈጥር ነው። ስለዚህ መምህር በክፍሉ ፊት ሲቆም፣ በፊቱ የተቀመጡት ክርስቶስ የሞተላቸው ነፍሳት እንደ ሆኑ ይወቅ። በዚህ ሚዛን የመጨረሻው ልጅ ከአንደኛው አያንስም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በታሪካችን አለን። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መልእክተኞች በ1866 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምጽዋ ከደረሱ በኋላ፣ በዚያችው ከተማና በአጠገቧ በእምኩሉ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ከተማሩት መካከል አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ይገኛሉ። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ፣ ነጋዴ «ስንት ያወጣሉ?» የሚልባቸው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ተቀበላቸው። በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ፣ በ1899ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ ይህ ሁሉ አናሲሞስና አስቴር ከረዳቶቻቸው ጋር የደከሙበት ሥራ ነው። ሆኖም ያን ቀን ይህን ፍሬ ማንም አላየም። መቀበላቸው ቀደመ፤ ፍሬው ተከተለ። ወንጌልም የሚሠራው በዚህ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛ፤ ተግሣጽ ያስፈልጋል።

«እንዲህ ከሆነ ልጅ ሰነፍ ይሆናል» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሕግም የራሱ ሥራ አለው። ታካቹ ይገሠጽ፤ የባልንጀራውን መልስ የገለበጠ ውጤቱን ይጣ፤ ፈተናም በእውነት ይታረም። ነገር ግን የሚገሠጸው ሥራው ነው። «ደንቆሮ» ተብሎ የተሰደበ ልጅ ስሕተቱን አይማርም፤ ስድቡን ግን ስሙ አድርጎ ይይዘዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶችን ስለ ልጆቻቸው ሲያስጠነቅቅ፣ ማስመረርን ከልክሎ በጌታ ምክር ማሳደግን ያዛል። ስለዚህ የተገሠጸ ልጅ ከዚያው አፍ የይቅርታን ቃል ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሂድ።

ሦስተኛ፤ ትምህርት ቤት የወላጅ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ማርቲን ሉተር በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት በጻፈው መልእክት፣ በየዓመቱ ለጦር መሣሪያ፣ ለመንገድና ለድልድይ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ከተሞች ለልጆቻቸውም ትምህርት ሊያወጡ እንደሚገባ አሳሰበ፤ ሴቶች ልጆችም እንዲማሩ መከረ። በ1528 ደግሞ የሳክሶንን አብያተ ክርስቲያናት ሲጐበኝ፣ የገጠሩ ሕዝብ የእምነቱን መጀመሪያ እንኳ አለማወቁን ተመለከተ። ስለዚህ በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ፤ ያዘጋጀውም የቤቱ አባት ለቤተ ሰቡ በቀላል ቃል እንዲያስተምርበት አድርጎ ነው። ትምህርት ቤትንም ቤትንም አንድ ላይ ፈለገ። ሙሴም በዘዳግም ያዘዘው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ ለልጆች እንዲነገር ነው።

እኛ ግን የትምህርቱን ክፍያ ከከፈልን ዕዳችን ያለቀ ይመስለናል። ልጁ በክፍል ውስጥ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ስምንተኛውን ትእዛዝ ተምሮ ይመጣል። ማታ ገንዘብ ያበደረ ሰው በር ሲያንኳኳ አባቱ በሹክሹክታ «የለም በለው» ይለዋል። ከሁለቱ መምህራን ልጁ የትኛውን ይከተላል? የስድስት ሰዓት ትምህርት በዚያች በአንዲት ቃል ይፈርሳል።

አራተኛ፤ ዕውቀት ባልንጀራን ለማገልገል ነው።

በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል፤ በማረሻው እያረስን፣ በማሰሮው እያበሰልን፣ ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እየሄድን እነርሱን ናቅናቸው። የክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጅን ከእጅ ሥራ ለማስመለጥ አልተከፈተም። ሐኪምም ይሁን ገበሬ፣ ሥራው የባልንጀራው እንጀራ መሆኑን አውቆ በእምነት ቢሠራው በእግዚአብሔር ፊት የከበረ ጥሪ ነው። የተማረ ልጅ በአባቱ ሞፈር የሚያፍር ከሆነ፣ ያስተማርነውን ነገር እንደ ገና እንመርምር።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ሽማግሌዎች ስለ ትምህርት ቤታችን ሲሰበሰቡ ስንቱ ፈተና እንዳለፈ ብቻ አይጠይቁ። ክፍያ አጥቶ የቀረው ልጅ የት እንዳለ፣ ወደ ኋላ የቀረችውን ልጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማን እንደሚያስጠናት ይጠይቁ። ሕፃናትን የሚጠራ ጌታ እንደ ደቀ መዛሙርቱ በር ላይ ቆመን እንዳንከለክላቸው ይጠብቀን። አሜን።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ልጆቻችን በቤታችን የሚሰሙትና በትምህርት ቤት የሚማሩት ነገር የሚጣላው በምን በምን ነው?
2. ልጅን ስንገሥጽ ሥራውን ከራሱ ከልጁ የምንለየው እንዴት ነው?
3. በማኅበራችን ከትምህርት የቀረ ልጅ አለን? ምንስ እናድርግለት?