ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የጽሑፍ ክፍሎችና መለያ ምልክቶቻቸው

ሀ. ምንባብ

ባለፈው ትምህርት የማመልከቻን ክፍሎች ተምራችኋል። ቀኑ፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታውና ፊርማው የየራሳቸው ቦታና ተግባር እንዳላቸው ታስታውሳላችሁ። አሁን ደግሞ እነዚህ ክፍሎች በምን እንደሚለዩና መለያው የጋራ ካልሆነ ምን እንደሚደርስ እንመልከት።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ብታገኙ፣ ዋናው ንባብ በጥቁር ቀለም፣ የክፍሎች መጀመሪያና የቅዱሳን ስም ደግሞ በቀይ ተጽፎ ልታዩ ትችላላችሁ። ቀዩ ቀለም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ «ከዚህ አዲስ ክፍል ይጀምራል»፣ «ይህ የቅዱስ ስም ነው» ይላል። አንባቢው ይህን የሚረዳው ጸሐፍቱ በአንድ ልማድ ስለ ተስማሙ ነው።

ዛሬ ብዙው ጽሑፍ በኮምፒውተር ይዘጋጃል። ርእሳችሁን በደማቅ ፊደል ብትጽፉ ሰው ርእስ መሆኑን ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚመዘግበው የፊደሉን ድምቀት ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል በተግባሩ የሚሰይም የምልክት ሥርዓት አስፈለገ፤ ይህም ማርክአፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኤስጂኤምኤል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጣ፤ በ1998 ደግሞ ከእርሱ የቀለለው ኤክስኤምኤል ተከተለ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦

<ጉዳይ>የማዳበሪያ ጥያቄ</ጉዳይ>

ይሁን እንጂ ምልክት ማበጀት ያለ ስምምነት አይበቃም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን እስኪያካትት ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን ቡሬ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ያው ፕሮግራም በሌለው ኮምፒውተር ቢከፈት፣ የማይነበብ ዝብርቅርቅ በሆነ ነበር። የፊደሉ ችግር ሲቃለል የክፍሎቹ ጉዳይ ቀረ። ኦፕን ዶክዩመንት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኦፊስ ኦፕን ኤክስኤምኤል በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኑ። ሁለቱም የተመሠረቱት በኤክስኤምኤል ላይ ቢሆንም ለተመሳሳይ ክፍል የሚሰጡት ስም ይለያያል። ስለዚህ በአንዱ የተዘጋጀ ሰነድ ወደ ሌላው ሲዛወር ቅርጹ ሊዛባ ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጸሐፊ የገበሬዎችን ስምና የመሬት ልክ በሠንጠረዥ ሳይሆን ባዶ ቦታ እየተወ ደርድሯል እንበል። ሰነዱ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ የፊደሉ ዓይነት ሲለወጥ ድርድሩ ይፈርሳል፤ የአንዱ ልክ ከሌላው ስም አጠገብ ሊወድቅ ይችላል። ስሕተቱ የጸሐፊው፣ ጉዳቱ ግን የባለ መሬቱ ነው። ሠንጠረዡ «ሠንጠረዥ» ተብሎ ቢለይ ኖሮ ስሙና ልኩ በአንድ ረድፍ በተያያዙ ነበር።

ስለዚህ ስትጽፉ አስቀድማችሁ «ይህ ክፍል ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ምን ይምሰል?» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለ. መልመጃ

1. በክፍል መልክና በክፍል ተግባር መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

2. ፍኖተ ሰላም ለሚገኝ መሥሪያ ቤት አንድ ማመልከቻ ጻፉ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም በኅዳጉ አመልክቱ።

3. ማመልከቻችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ። ለአንድ ክፍል የተለያየ ስም ሰጥታችሁ ከሆነ ተወያይታችሁ በአንዱ ተስማሙ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።